በቀን አንድ ቃል

የጤና ጣቢያዋን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሰው ሁሉ የሚጠራት «ጠብታ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰው ጣት አንዲት ጠብታ ደም ስትለምን ኖረች ብሎ። ዛሬ ጠብታ ልትሸለም ነው። ከእንቅልፏ የነቃችው ፈገግ እንዳለች ሲሆን፣ ጥርሷን ስትቦርሽ ሳቋ አምልጧት መስተዋቱን በአረፋ ረጨችው።

የሽልማቱ ምክንያት በአካባቢው ወባ መጥፋቱ ነበር። ቀድሞ ዝናቡ አባርቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ በወር እስከ ስልሳ ሰው ወባ ይገኝበት ነበር። በትንፋሽ የሚተላለፈው ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ ግን፣ አራት ወር ሙሉ፣ በጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አንድም አልታየም። በየቀኑ ስላይዶቿን፣ ደም የተቀባባቸውን ብርጭቆዎች፣ ታያለች፣ መዝገቡ ላይ «አልተገኘም» ብላ ትጽፋለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ሠራተኛው ከኋላው «ሪፖርት» የሚለው ሰው፣ በመጀመሪያው ወር አላመነም፤ በሁለተኛው ደስ አለው፤ በሦስተኛው ግራፍ ሠራ። ግራፉ ከተራራ ጫፍ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። ይህንን ወደ ላይ ላከው። ከላይ ደግሞ የክብር እንግዳ ይመጣሉ የሚል ደብዳቤ ወረደ።

ጠብታ ለወባው መጥፋት የራሷ ማብራሪያ ነበራት። ሰው ቤቱን ዘግቶ ስለ ከረመ ትንኟ የምትነክሰው አጥታ ይሆናል ትላለች። ትንኟ የምትነክሰው ቤት ውስጥ ገብታ መሆኑ ትዝ ሲላት ደግሞ ሐሳቡን ትተወዋለች። ደግ ነገር በራሱ ሲመጣ ማን ይመረምረዋል?

የጤና ጣቢያው ግቢ ለታካሚ አንድ በር ብቻ አለው። በሩ ላይ ጋሼ ሽጉጥ ይቀመጣሉ። ዘበኛ ናቸው፤ ስማቸውን ያገኙት የሰው ግንባር ላይ እያነጣጠሩ ትኩሳት በሚለኩበት ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ነው። ከበሩ ጀምሮ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የመዳፍ ስፋት ያለው ቀይ መስመር ተሥሏል። በግራው በኩል የወረርሽኙ ምርመራ የሚደረግበት ነጭ ድንኳን አለ። በቀኙ በኩል ሕንፃው አለ፤ ካርድ ክፍሉ፣ ሐኪሞቹ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ በስተመጨረሻም የጠብታ ላቦራቶሪ።

«ሠላሳ ስድስት ተኩል፤ ወደ ቀኝ» ይላሉ ጋሼ ሽጉጥ። «ሠላሳ ስምንት፤ ወደ ግራ። ቀስቱን ተከተል።»

መስመሩንም ቀስቶቹንም የቀባው ሠዓሊው የጠብታ ወንድም ነው። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የሠርግ ባነር ይጽፋል፤ እጁ ከማስመሪያ ይልቅ ቀጥ ይላል ይባልለታል። ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ እኅትና ወንድም አንዱ ሌላው ቤት አልሄደም፤ በስልክ ብቻ ነው የሚገናኙት። በዚህ ሳምንት ድምፁ ደከም ብሎባት ነበር።

«ምን ሆነሃል?»

«ትንሽ በረደኝ እትዬ።»

«ተመርመር።»

«ተመርምሬያለሁ። ነፃ ነኝ።»

ነፃ የምትለው ቃል ጠብታን እፎይ አሰኘቻት። ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ባነሩ ነበር፤ የዛሬውን የሽልማት ባነር እንዲጽፍ የታዘዘው እሱ ነውና።

ጠብታ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሠራተኞች መግቢያ በኩል ስትደርስ ከቀዩ መስመር በስተቀኝ ወንበሮች ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። በላዩ የታሸገ ውሃ፣ በመስታወት የታቀፈ የምስክር ወረቀትና አንድ ትልቅ ኬክ ተቀምጧል። ኬኩ ላይ ከስኳር የተሠራች፣ የአውራ ጣት የምታህል ትንኝ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ በጀርባዋ ተንጋልላለች። ጠብታ ትንኟን ስታይ ጭምብሏ ውስጥ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«ሳቁን ለፎቶው አቆዪው እኅቴ» አላት ሪፖርት፤ ክራቫቱን ለሦስተኛ ጊዜ እያሰረ። ከዚያ ወደ ላይ አየና «ባነሩን ዘርጉት» ብሎ አዘዘ።

ሁለት ሰዎች ጣሪያው ላይ ሆነው ለቀቁት። ባነሩ እንዲህ ይላል፦ ወባን ከአካባቢያችን ያጠፋችሁ ባልደረቦች እንኳን ደስ አላችሁ።

ሪፖርት አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይኼ ሰውዬ ሰክሮ ነው የጻፈው?»

እውነትም «ከአካባቢያችን» የሚለው ቃል በመሬት መንቀጥቀጥ መሐል የተጻፈ ይመስላል። የፊደሎቹ እግር እየተሰበረ፣ ወገባቸው እየተጣመመ ይሄዳል። «ደስ» የሚለው ደግሞ ሁለቱም ፊደላት ተቃቅፈው ሊወድቁ ደርሰዋል። ጠብታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወንድሟን ዕድሜ ልኩን ልታበሽቅበት የምትችል ነገር አገኘች።

ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ስላይድ ሲታይ ዓይን ዝም ብሎ አያልፍም፤ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ በተራ ይሄዳል። ጠብታ ባነሩንም እንደዚያው አየችው። «ወባን»፣ ቀጥ ያለ ነው። «ከአካባቢያችን»፣ ይንቀጠቀጣል። «ያጠፋችሁ»፣ ቀጥ ያለ። «ባልደረቦች»፣ ይንቀጠቀጣል። «እንኳን»፣ ቀጥ ያለ። «ደስ»፣ ይንቀጠቀጣል። «አላችሁ»፣ እንደ ጦር ቀጥ ያለ።

«ጋሼ» አለች ወደ በሩ ዞራ፤ «ባነሩን ያመጣው ማነው?»

«ትናንት ራሱ ወንድምሽ አመጣው። ምን አለ? እሱን ከፈለግሽው እዚያው ግራ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ዘጠኝ ከአምስት ነው የተኮስኩት።»

ጠብታ እስከ ቀዩ መስመር ድረስ ሮጠች። ድንኳኑ ፊት ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ሰው ተራርቆ ተቀምጧል። በዳር በኩል ወንድሟ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ከእግሩ ሥር ያስመለሰበት ባልዲ አለ።

«መስመሩን እንዳታልፊ እትዬ» አላት። «ቀለሙ የእኔ ነው።»

«ዝም በልና መልስልኝ። በቀን ስንት ቃል ነበር የምትጽፈው?»

«አንድ። ፊደሉ ሰው ያክላል እኮ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ...»

«‹ወባን› ስትጽፍ እንዴት ነበርክ?»

«ደህና።»

«‹ከአካባቢያችን›ስ?»

«እሷ ገደለችኝ። ጨርሼ ከነብሩሼ ወደቅሁ። እዚህ መጣሁ፣ አፍንጫዬን አዩ፣ ነፃ ነህ አሉኝ።»

«በማግሥቱ?»

«ምንም የለ። ‹ያጠፋችሁ›ን እያፏጨሁ ነው የጻፍኳት። ከዚያ ‹ባልደረቦች› ላይ ያ ብርድ መጣ። እንደገና መጣሁ፣ እንደገና ነፃ። ‹ደስ› ላይ ደግሞ እንደገና።»

«በደህናህ ቀን ለምን አልመጣህም?»

«ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

በየሁለት ቀኑ እየመጣ የሚሄድ የወባ ብርድ። ጠብታ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ይልቅ በታማሚው ላይ ያየችው ነገር ነው። ወንድሟ ሳያውቀው የትኩሳት ሰንጠረዡን በባነሩ ላይ በትልልቅ ፊደላት ጽፎ ጣሪያው ላይ ሰቅሎላታል።

ድንኳኑን የምትመራው ሲስተር ሙሉ የመከላከያ ልብሷን ለብሳ ወጣች። አራት ወር ያለ ዕረፍት የሠራች፣ ከመነጽሯ ሥር ዓይኖቿ የጎደጎዱ ሴት ናት። «ወንድምሽ ነው ለካ» አለች። «አራት ጊዜ መጥቶ አራት ጊዜ ነፃ። ምርመራው ስቶት ይሆናል ብዬ ወደ ለይቶ ማቆያው ጽፌለታለሁ። መኪናው በስድስት ሰዓት ይወስደዋል።»

«ለስንት ቀን?»

«ለአሥራ አራት።»

«እዚያ ማይክሮስኮፕ አለ?»

ሲስተር ራሷን ወዘወዘች። የለም። ለይቶ ማቆያው የድሮ ትምህርት ቤት ነው፤ አልጋና የማይከፈቱ መስኮቶች ብቻ ነው ያሉት። ወባ ይዞት ከሆነ አሥራ አራት ቀን ያለ መድኃኒት ይቀመጣል፤ ዓይኑ ገና ከአሁኑ ቢጫ ነው።

ጠብታ ወደ ጋሼ ሽጉጥ ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ በእውነት ይንገሩኝ። በእነዚህ አራት ወራት ትኩሳት ያለበትን አንድ ሰው ወደ ቀኝ አሳልፈው ያውቃሉ?»

ጋሼ ሽጉጥ ደረታቸውን ነፉ። «አንድም። ዝንብ አላሳለፍኩም።»

«አፍንጫው ታይቶ ነፃ የተባለውንስ?»

«እሱም ሲመጣ እለካዋለሁ። ትኩሳት ካለበት ተመልሶ ግራ ነው። ያ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ትናንት አራት ጊዜ ዞሯል። እኔ ስፖርት የሚሠራ መስሎኝ ነበር።»

ጠብታ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ሽጉጥ ያለቀሰች መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። አራት ወር ሙሉ የትኩሳትን በሽታ የፈለገችው ትኩሳት በሌለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ጀርባውን የሚያመው፣ ጉልበቱ የሚቆረጥመው፣ ለሥራ ቅጥር የጤና ወረቀት የጠየቀ፤ እነሱን ነበር በጥንቃቄ፣ በተራ፣ ያየቻቸው። ሪፖርት በግራፉ ላይ የሣለው ገደል ወንድሟ መሬት ላይ የቀባው መስመር ነው። ለዚህም ኬክ ተጋግሮለታል።

ተነሣችና ሪፖርትን ጠርታ ነገረችው። ሪፖርት ሲሰማ ቆየና፣ «ዛሬ አይሆንም» አለ።

«ለምን አይሆንም?»

«ኬኩ መጥቷል።»

በዚህ መሐል የክብር እንግዳው መኪና ገባ። ሪፖርት ለመቀበል ሮጠ፤ ጠብታ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪዋ። ከግራ የመጣ ደም ወደ ሕንፃው አይገባም የሚል ደንብ ስላለ፣ ሕንፃውን ወደ ደሙ ማውጣት ነበረባት። አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከቁም ሣጥን አወጣችው። ይኼኛው በመብራት ሳይሆን ከሥሩ ባለው ትንሽ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየለቀመ ነው የሚሠራው። የስላይድ ሳጥን፣ መውጊያ መርፌ፣ አልኮልና የማቅለሚያ ጠርሙስ በሽርጧ ኪስ ከተተች። ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጥታ በነጩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጠችው። ጠረጴዛውንም እየጎተተች ቀዩ መስመር ድረስ አመጣችው።

ጓንትና መነጽር አደረገች። «ጣትህን ስጠኝ» አለችው ወንድሟን። እሱም እስከ መስመሩ መጥቶ ጣቱን ዘረጋ።

«ቁሙ» አሉ ጋሼ ሽጉጥ። «ሰው መስመሩን አያልፍም።»

«ጣት ነው ጋሼ፤ ሰው አይደለም።»

ጋሼ ሽጉጥ አሰቡ። ደንቡን በቃላቸው ነው የሚያውቁት፤ ስለ ጣት የተጻፈ ነገር አልታወሳቸውም። መሣሪያቸውን አውጥተው የሠዓሊው ጣት ላይ አነጣጠሩና ተኮሱ። በብርድ የደረቀችው ጣት እንደ ሽንት ቤት ቧንቧ ቀዝቅዛ ነበር።

«ሠላሳ አንድ» አሉ ጋሼ ሽጉጥ። «ትኩሳት የለባትም። ትለፍ።»

አንድ ጠብታ ደም ስላይዱ ላይ ተነጠፈች። ጠብታ ስላይዱን አየር ላይ እያወዛወዘች አደረቀችው፤ ጠፍጣፋ ነገር ስትፈልግ ዓይኗ በመስታወት በታቀፈው የምስክር ወረቀት ላይ አረፈ። እሱን አስተኝታ ስላይዱን በላዩ አደረገች። አልኮሉን ቀጥላም ማቅለሚያውን ጠብ ጠብ አደረገችበት። አሁን አሥር ደቂቃ መጠበቅ አለባት። ሰዓቷን ረስታለች፤ ግን የክብር እንግዳው ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጉ አየችና ተጽናናች። የእኒህ ሰው ንግግር ከአሥር ደቂቃ አንሶ አያውቅም።

«በመጀመሪያ» አሉ እንግዳው።

ጠብታ ቆመች። «በሁለተኛ ደረጃ» ላይ ወንድሟ አስመለሰው። «በሦስተኛ ደረጃ» ላይ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኬኩ አዙረው ነበር፤ ኬኩ አጠገብ ግን የሚያዩት ወይን ጠጅ ቀለም የሚንጠባጠብበትን የምስክር ወረቀት ነው። ሪፖርት በቅንድቡ፣ በትከሻው፣ በመጨረሻም በሁለት እጁ ምልክት ሰጣት። «ለማጠቃለል ያህል» ሲባል ጠብታ የእንግዳውን የታሸገ ውሃ ከፍታ ስላይዱን አጠበችበት፤ እስኪደርቅ እፍ እንዳትልበት ጭምብሉ ከልክሏት በካርቶን አራገበችው፣ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዞረችና ጎንበስ አለች።

ከጥጉ ጀመረች። በተራ። አንዱን መስመር ጨረሰች፣ ምንም። ሁለተኛውን ጀመረች። ሦስተኛው መሐል ላይ፣ በአንዲት ያበጠች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበት ተቀምጧል፤ በቀለበቱ ላይ እንደ ፈርጥ አንዲት ቀይ ነጥብ። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አራት ወር የናፈቀቻቸው ያህል ልቧ ዘለለ፤ በዚህም አፈረች።

ቀና ብላ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«እጅ አለ» አሉ እንግዳው፤ ንግግራቸውን ማንም አቋርጧቸው አያውቅምና ግራ ገብቷቸው።

«ይቅርታ ክቡር ሆይ። የጠፋው ወባ ተገኝቷል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከኬኩ አጠገብ።»

ሪፖርት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እንግዳው ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ጠረጴዛው መጡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማይክሮስኮፑ አዩ።

«ምንድን ነው የማየው?»

«ቀለበት ያያሉ።»

«አየሁት። ቆንጆ ነው።» ከመስመሩ ማዶ የሚንቀጠቀጠውን ሠዓሊ ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማለቴ፣ በጣም አሳዛኝ ነው። የት ነበር እስከ ዛሬ?»

«ግራ» አሉ ጋሼ ሽጉጥ።

የለይቶ ማቆያው መኪና በሩ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ሲስተር የወንድምየውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ አራት ቦታ ቀደደችው። አራት ወር ሙሉ ማንም ያልነካው የወባ መድኃኒት ከመጋዘን ወጣ፤ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሠዓሊው የመጀመሪያውን መድኃኒት በእንግዳው ውሃ ትርፍ ዋጠው፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው፣ አላስመለሰውም። ጋሼ ሽጉጥ አጨበጨቡ።

ያኔ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ጣታቸውን በቀዩ መስመር ላይ ዘረጉ። ማንም አልጠራቸውም። ጠብታ ከጣት ጣት ሄደች። የምስክር ወረቀቱ ስላይድ ሞላው። ከአሥሩ በአራቱ ላይ ቀለበቱ ተገኘ፤ ከአራቱ አንዷ ደግሞ አፍንጫዋም ወረርሽኙ አለብሽ ብሏት ነበርና ሁለቱንም ይዛ ተገኘች። ሲስተር ይህን ስታይ «ለካ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም» አለች፤ ለራሷ ነበር የተናገረችው።

አራት ጊዜ የዞረው ሰውዬ ግን ደሙም አፍንጫውም ንጹሕ ሆነ። ጠብታና ሲስተር ተያዩ።

«ሌላ የሚያምህ ነገር የለም?» አለችው ሲስተር።

«እግሬ ነዋ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም አፍንጫዬን ነው የሚፈልገው።» ሱሪውን ሰበሰበ። ቅልጥሙ ላይ ምስማር የወጋው ቁስል አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል ቋጥሮ ነበር። ከጣቢያው ሐኪሞች አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ መስመሩን ተሻገረ። ጋሼ ሽጉጥ ሊከለክሉት መሣሪያቸውን አነሡና እንግዳውን አዩ፤ እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መሣሪያው ወረደ።

ሪፖርት በመጨረሻ ከወንበሩ ተነሣ። ግራፉን ከቦርሳው አውጥቶ ትንሽ ካየው በኋላ፣ ገደሉ ካለበት ግርጌ ጀምሮ በእስክሪብቶ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሣለበት። «ኬኩንስ?» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ። ኬኩ ተቆረጠ። ለግራም ለቀኝም ተሰጠ። የስኳሯ ትንኝ ለሠዓሊው ትገባዋለች ተብሎ በወረቀት ተጠቅልላ ተቀመጠችለት።

ሠዓሊው ቀለምና ብሩሽ ይዞ የተመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ዓይኑ ነጥቷል፣ ሱሪው ግን ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። የታዘዘው አዲስ ቀስት እንዲቀባ ነው፤ ከድንኳኑ ተነሥቶ ቀዩን መስመር አቋርጦ፣ በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ እስከ ተከፈተው አዲስ መስኮት ድረስ። ከእንግዲህ ትኩሳት ያለበት ሁሉ በድንኳኑ አፍንጫውን፣ በመስኮቱ ጣቱን ይሰጣል፤ ከዚያ ሲስተር «ሌላስ?» ትለዋለች፤ መልሱን እስኪጨርስም አትነሣም።

ሪፖርት ባነሩ ተስተካክሎ እንዲጻፍ ፈልጎ ነበር። ጠብታ እንቢ አለች። ባነሩ አሁን ላቦራቶሪዋ ውስጥ ተሰቅሏል።

በመስኮቱ ብቅ ብላ ወንድሟን ተመለከተች። በጣቶቿ ቆጠረች፤ በባነሩ ተራ ከሄደ ዛሬ የሚንቀጠቀጥበት ቀን ነው። ብሩሹ መሬቱን ነካ፣ ሄደ፣ ቀዩን መስመር አቋረጠ፣ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ቀስቱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር።

«ምን ታፈጥጫለሽ እትዬ?»

«ምንም። እጅህን እያየሁ ነው።»

ሠዓሊው ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ። ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ፈታ፤ የስኳሯ ትንኝ አንድ እግሯ ተሰብሮ ተንጋልላለች። ጭምብሉን ዝቅ አደረገና ጭንቅላቷን ቀረጠፈው።

«ምን ታደርጋለህ?» አለች ጠብታ ሳቋ እየመጣ።

«ተራዬ ነው» አላት። «እሷም አላስፈቀደችኝም።»